ሽንት ቤት፦ አለ / የለም

ባለፈው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ከጭላሎ ሥር፣ ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ገጠር ቤታችን ደወለልኝ። ጤና ተጠያየቅን፤ ስለ ስንዴው፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ እናታችን ጉልበት አወራን። ሊሰናበተኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገና «ወንድም ጋሼ፣ ሞልቷል እኮ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ያ… አንተ ያሠራኸው።»

ለካ ሽንት ቤቱን ነው። ደነገጥሁ። የደነገጥሁት በመሙላቱ አይደለም፤ ይሞላል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አለማወቄ ነው ያስደነገጠኝ። ያን ቤት እንደ ታተመ መጽሐፍ ቆጥሬው ነበር፦ ተሠራ፣ አለቀ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ለካ እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሳወራ እሱ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ረጅም ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። የሰው ልብ ወለድና ግጥም ስፈትሽ፣ «እዚህ ላይ ሴራው ላልቷል፤ እዚህ ላይ ገጸ ባሕርይው አያሳምንም» ስል ጸጉሬ ሸበተ። ዛሬ ሂስ የማቀርበው በሽንት ቤት ላይ ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቼ ጋዜጣውን አጠፍ አድርጋችሁ ብትቆዩኝ አልቀየምም።

ከቃሉ ልጀምር፤ የሙያ በሽታ ነው፣ አይለቅም። በአማርኛ «ሽንት ቤት» እንላለን። ከጎረቤቶቻችን ጋር በኦሮምኛ ስናወራ ደግሞ «ማነ ፊንጫኒ» ነው፤ ቃል በቃል ያው የሽንት ቤት። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይማከሩ የተስማሙበትን ተመልከቱልኝ። ቤቱ የተሠራለት ዋናው ባለጉዳይ ስሙ አይነሳም፤ ቤቱ የተሰየመው ከሁለቱ ብዙም ጉዳት በማያደርሰው ነው። ዋናው ግድ ሆኖ ሲነሳ «ዓይነ ምድር» ይባላል። ወደዚያ የሚሄደውም ሰው «ወጣ»፣ «ሜዳ ሄደ»፣ «ደጅ ደረሰ» እንጂ ሌላ ግስ የለውም። ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። እኔም ራሴ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ጨዋነቱ የሚያስከፍለን ጊዜ ግን አለ። በ1998 ዓ.ም. በጋምቤላ የጀመረው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ሲዛመት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ ሲያጥር «አተት»። ለልጅ የሚወጣ የቁልምጫ ስም ይመስላል። በ2011 ዓ.ም. በሽታው ሲመለስ ነው በመንግሥት አፍ ኮሌራ ተብሎ በስሙ የተጠራው። ልብ ወለዶቻችንም ቢሆኑ ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ገጸ ባሕርያቱ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይወዳሉ፣ ይካካዳሉ፤ አምስት መቶ ገጽ ሲኖሩ ግን ደጅ የሚወጡት እምብዛም ነው። አንድ ጊዜ ይህን ክፍል ውስጥ ባነሳ ተማሪዎቹ ሳቁና «መምህር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አሉኝ። አልመጣም። ማምጣት ነበረብኝ።

እንግዲህ በቤተሰባችን ታሪክ ውስጥ ሦስት ሽንት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያውን የቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ 1978 ዓ.ም.፣ አርሲ በመንደር ምሥረታ የታመሰበት ዘመን። ቤታችን ፈረሰ፤ ምሰሶውና ማገሩ በትከሻ ተጓዘ፤ ሜዳ ላይ በገመድ በተለካ ሰልፍ መሐል እንደገና ቆመ። ቀጥሎ «እያንዳንዱ አባወራ ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ ይቆፍር» የሚል ትእዛዝ ወረደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴ ስብሰባ ላይ ስለሚውል ቁፋሮው የኔ ሆነ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ዙሪያውን በጭራሮ አጠርሁት፤ በአጠና ረበረብሁት፤ ኮራሁበትም።

እናቴ አንድ ቀን አልገባችበትም። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ቤቶቹ በሰልፍ ስለተደረደሩ የኛ ጓሮ የሌላው ሰው ደጅ ነበር። ካርታውን የሣለው ሰው «ከቤቱ ኋላ» ሲል «ኋላ» የሚባል ቦታ እንዳለ አስቧል፤ በሰልፍ ውስጥ ግን ኋላ የለም፤ የሁሉም ኋላ የሌላው ፊት ነው። እናቴ እንደ ድሮዋ ጀምበር ጠልቆ ሰው እስኪከተት ጠብቃ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ሕዝቡ ቤቱን እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ቤት ይነቀላል፤ ጉድጓድ አይነቀልም። በዚያው ክረምት ውሃ ሞላው፤ የጎረቤት ጥጃ ገብቶበት ሞተ። የመጀመሪያ ሥራዬ ፍጻሜ ይህ ነው።

ሁለተኛው የወንድሜ ነው፤ ታሪኩም ከአገሪቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥራ ስድስት «ፓኬጅ» የሚባሉ ትምህርቶች ነበሩት፤ ሽንት ቤት መሥራትና መጠቀም ከእነዚያ አንዱ ነው። አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ደረሱ። እዚህ ላይ ሐያሲ ነኝ ባይ ሁሉ ባርኔጣውን ማንሳት አለበት። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ቤተሰብ 82ቱ ምንም ዓይነት ሽንት ቤት አልነበራቸውም። በ1997 ዓ.ም. 62፣ በ2003 ዓ.ም. 38፣ በ2008 ዓ.ም. 32 ሆነ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ ሳይሞላ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ተነሥቶ ጉድጓድ ቆፍሯል ማለት ነው። በዶማ፣ በአካፋ፣ በገዛ ጉልበቱ። ይህን ቀላል ነገር የሚል ሰው ዶማ ጨብጦ አያውቅም።

ያው የ2008ቱ ጥናት ግን ሌላ ቁጥርም አለው። ለብቻው የሚጠቀምበት፣ «የተሻሻለ» የሚባል፣ ማለትም ወለሉ የሚታጠብ፣ ከታች ያለውን ነገር ከሰውና ከዝንብ በደንብ የሚለይ ሽንት ቤት የነበረው ከመቶ 6 ቤተሰብ ብቻ ነው። አብዛኛው በገጠር ያለው ሽንት ቤት ቀዳዳና ጭራሮ ነው። እንግዲህ 82ን ወደ 32 ያወረደው ጉልበት ሁሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ታሪኩ ቆመ።

የኛን ቤት ልንገራችሁ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ «እንግዶች ይመጣሉ» ተባለ። ወንድሜ በሦስት ቀን ቆፈረ፣ አቆመ፣ በር ገጠመ። ቤተሰባችን የ96 ሰዓቱን ሥልጠና ጨርሶ «ሞዴል ቤተሰብ» ተባለና የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ፣ ከእኔ የምረቃ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ለፋሲካ ስሄድ ሽንት ቤቱን አየሁት፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሽንት ቤት ገጠር ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሽታ የለም። ዝንብ የለም። ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። ለነገሩ ወደዚያ የሚወስድ መንገድም አልነበረም፤ ከቤቱ እስከ በሩ ድረስ አንድ የእግር ዱካ የለም። ንጹሕ ሽንት ቤት ሁለት ዓይነት እንደሆነ ያን ቀን ተማርሁ፤ የሚጠረግና ማንም የማይገባበት። በቅጹ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የያዘችውን መዝገብ አሳይታኛለች፤ «ሽንት ቤት፦ አለ / የለም» ይላል። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ እሷ እንኳን የሣሩን ነገር ከእኔ ቀድማ ታውቀው ነበር። «አለ» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ ዓይኗን ከእናቴ ዓይን አሸሸች። «አዴ፣ ግን ተጠቀሙበት እሺ» አለቻት። እናቴም «እሺ ልጄ» አለች። ቅጹ «ትናንት ማታ ማን ገባበት?» ብሎ ለመጠየቅ ባዶ ቦታ አላስቀመጠም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመቻ ብልሃቱ ሌላ ነበር። ካማል ካር የተባለ ሕንዳዊ ባለሙያ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው ዘዴ ነው። ለማንም ሲሚንቶ አይሰጥም፤ የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል፤ መሬት ላይ የመንደሩን ካርታ ይሥላል፤ ሜዳ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ያያል። ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ እንጀራው ላይ ሲያርፍ ሰው የገዛ ጎረቤቱን ምን እየበላ እንደሆነ ይገባዋል፤ ያፍራል፤ ይቆፍራል። ዘዴው ወደ እኛም አገር ገባ፤ ብዙ ቀበሌዎች «ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ» የሚል ታፔላ ተከሉ፣ ባንዲራ ሰቀሉ። ታፔላውን እንደ ጽሑፍ ሳነበው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ግሥ። «ነፃ» ብሎ ያበቃል። ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ፣ በማን ጉልበት የሚል የለበትም። እፍረት ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ በየሳምንቱ ግን አያስጠርግም። ሰው በየሳምንቱ ሊያፍር አይችልማ!

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ ሜዳው ሰፊ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። የዓይኗ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ስለሚፈገፍግ በየጥቂት ቀኑ አንድ ልጅ ትጠራና ጸጉሩን ታስነቅላለች። ብዙ ጊዜ የምትጠራው እኔን ነበር። ትራኮማ ነው። በሽታውን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ከሚያመላልሱት አንዱ ዝንብ ነው፤ ባለሙያዎች ሙስካ ሶርቤንስ ይሉታል። ይህ ዝንብ እንቁላሉን ለመጣል የሚመርጠው ሜዳ ላይ የተተወ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ስለዚህ ሣር ያልበቀለበት ማንኛውም ጉድጓድ፣ የቱንም ያህል የተንጋደደ ቢሆን፣ ለልጆቹ ዓይን ዋጋ አለው። አክስቴ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሰው ክንድ እየተመራች ነው የኖረችው። ሜዳ ስትወጣም የሚመራት ልጅ ያስፈልጋት ነበር፤ ያን ልጅ ለመጥራት ምን ያህል እንደምትሳቀቅ አስታውሳለሁ።

አርሲ ደግሞ አዲስ ነገር የማይቀበል አገር አይደለም። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ፣ በኛ አጠራር የጭላሎ እርሻ ልማት፣ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ትምህርት ቤት ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ኩብሳን ከዲገሉ፣ ካካባን ከደንዳአ ዛላውን አይታ ትለያለች። ኩብሳ በ2003 ዓ.ም. በቢጫ ዋግ ሲመታ ገበሬው የማንንም መመሪያ ሳይጠብቅ ፊቱን ያዞረበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ሐያሲ ሕዝብ ሽንት ቤት ላይ ሲደርስ ለምን «እሺ ልጄ» ብቻ ይላል? ስንዴ ጎተራ ይገባል፣ ይሸጣል፣ ይታያል። የሽንት ቤት ምርት ሳይመጣ የቀረ ተቅማጥ ነው፤ ሳይመጣ የቀረ ነገር ደግሞ ገበያ አይወጣም።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ወደ እኔው። በሐምሌ 2009 እናቴ በሌሊት ወደ ጓሮ ስትወጣ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ከሰባ ዓመት በላይ ናት፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ባትሪዋ ከእጇ አምልጦ ጠፍቷል። እስኪሰሟት ድረስ እዚያው ጭቃ ላይ ቆየች። ሲነግሩኝ አለቀስሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ማንኛውም ከተሜ ልጅ ገንዘብ አወጣሁ። ጥቅምት ላይ ግንበኛ ይዤ ወረድሁ። ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ቆርቆሮ፣ የላሜራ በር። ቦታው ዋልካ ስለሆነ ክረምት ውሃ እንዳይገባበት ወለሉን ከፍ አደረግነው። ባለ ቱቦ ዓይነት ነው። ፒተር ሞርጋን የተባለ ሰው ዚምባብዌ ውስጥ በ1960ዎቹ ያወጣው ብልሃት ሲሆን ቤቱ ውስጡ ጨለም ይላል፤ ዝንቡ ብርሃን ፈልጎ በቱቦው ሽቅብ ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ይይዘዋል፤ ሽታውንም ነፋስ በቱቦው ይስበዋል። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ሲያልቅ ነጭ ቀለም ቀባነው፤ ፎቶ አንስቼ ለወዳጆቼ ላክሁ። «ቪላ ነው እኮ!» አሉኝ።

እናቴ መርቃኝ ስታበቃ ቪላውን ቆለፈችው። ጓጉንቸር። «ለእንግዳ ነው» አለች። እንግዳው ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ ገባኝ፤ እኔ ነበርሁ። እኔ ስመጣ ይከፈታል፤ ስሄድ ይቆለፋል። በመሐሉ እናቴ፣ በተጠገነ እጇ፣ ያው ጓሮ ትወጣለች። ብጠይቃት «ኧረ እገባበታለሁ» ትላለች። ለእናት ውሸታም አይባልም፤ ዝም አልሁ።

ሂሱን የሰጡኝ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አምስት ልጆች ለብቻቸው ያሳደጉ፣ የእናቴ የዕድሜ ልክ የቡና ጓደኛ። ቪላውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ኢልመ ኮ፣ ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሰው ግን አላሰብህም» አሉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ፤ እኔ በሃያ ምናምን ዓመት የማስተማር ሥራ እንደዚያ ያለ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። በሩ ወደ መንገዱ ዞሯል፤ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ ማን እንደገባና እንደወጣ ያያል። ከፍ ባለው ወለል ምክንያት ሦስት ደረጃ አለው፤ የእናቴ ጉልበት አንዱን እንኳ አይወጣም። የሚያዝ ነገር የለም፤ ቁጢጥ ብላ በምን ትነሣ? ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በጨለማ ያስፈራል፤ ልጆቹማ ጭራሽ አይጠጉትም። ግንበኛው «ብርሃን ይግባ» ብሎ በትልቁ መስኮት አውጥቶለታል፤ ስለዚህ ዝንቡ ወደ ቱቦው የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ወንፊት አልተደረገም። ቆርቆሮው ዝናብ ሲመጣበት ጩኸቱ ለብቻው ነው። «ደግሞም» አሉ በመጨረሻ፣ «እናትህ ከሰዓት በኋላ ቡና የማትጠጣው ለምን ይመስልሃል?»

እናቴ አቦልና ቶናውን ጠጥታ በረካውን እንደምታሳልፍ፣ ከሰዓት ቡና ደግሞ ጨርሶ እንደማትቀምስ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቃለሁ። እንቅልፍ እንዳይነሣት ነው ብዬ ነበር፤ አንዳንዴም የጾም ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌሊት እንዳትወጣ ነው። የማታ ውሃም አትጠጣም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥሟን በልክ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት። የመንደሩ ሴት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ እርስ በርስ ይተዋወቁታል፤ ወንዱ ግን አያውቅም። ሥነ ጽሑፍ «የገጸ ባሕርይን ውስጣዊ ዓለም መረዳት ነው» እያልሁ ያስተማርሁት እኔም አላወቅሁም።

የጎረቤታችንን ሽንት ቤት ያን ቀን ሄጄ አየሁት። ግድግዳው ጭራሮና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፤ በገንዘብ ቢተመን የኔን በር አይገዛም። ግን መንገድ አለው። ከጓዳ በር ተነሥቶ በጎመኑና በጌሾው መሐል የሚሄድ፣ በእግር ብዛት ጠንክሮ ያበራ፣ ክረምት እንዳያዳልጥ ጠጠር የተነሰነሰበት መንገድ። በሩ ወደ ገዛ ጓሯቸው ዞሯል፤ ከቤት ሲወጡ ጎመን ሊቆርጡ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም። ወለሉ በአጠና ተረብርቦ በጭቃና በአመድ ተለስኗል። ቀዳዳው በእንጨት ክዳን ይዘጋል፤ ክዳኑ ጎንበስ ሳይሉ የሚያነሡት ረጅም እጀታ ተሠርቶለታል። ጥጉ ላይ አመድ የሞላ ጣሳ አለ፤ የወጣ ሁሉ አንድ እፍኝ ነስንሶ ይወጣል፤ ሽታውንም ዝንቡንም ያደክማል። ከጎኑ መጥረጊያ። ደጁ ላይ የውዱእ ጀሪካን። «የእጅ መታጠቢያ አዘጋጁ» የሚለው ትምህርት፣ በተበሳ ሃይላንድ ታጥባችሁ ግቡ የሚለው፣ እሳቸው ቤት ሲደርስ ውሃው ከጥንት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር የጠበቀው። የሳሙና ነገር ብቻ ነው የተጨመረው።

ይህ ሁሉ በራሱ አይሆንም። በየማክሰኞው ይጠረጋል፤ በየወሩ ወለሉ ይለሰናል፤ ከክረምት በፊት ክዳኑ ይታደሳል፤ ምሰሶው በምስጥ መበላት አለመበላቱ በጥፍር እየተጫረ ይታያል። ሥራው ሁሉ የእሳቸውና የሴት ልጃቸው ነው። ጉድጓዱ ሊሞላ ክንድ ያህል ሲቀረው አዲስ ያስቆፍራሉ፤ ወለሉን ከነአጠናው አንስተው ይወስዱታል፤ አሮጌውን በአፈር ይደፍኑና ይተክሉበታል። ሦስት ጊዜ ተዛውረዋል። በመጀመሪያው ላይ ኮክ ቆሟል፤ በሁለተኛው ላይ ጌሾ። ኮኩን አጉርሰውኛል፤ በልቻለሁ፤ ጥሩ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሦስቱም ዝውውሮች «አዲስ የተሠራ» ተብለው ተመዝግበዋል፤ ለቀበሌው የሦስት ጊዜ አፈጻጸም ሆነውለታል። የማክሰኞው መጥረጊያ የተመዘገበበት ዓምድ የለም።

የእሳቸውን ሂስ ተቀብዬ በ2011 ዓ.ም. ቪላውን አረምሁት። ረቂቅ እንደ ማረም ነው፤ ያማል። በሩን ነቅለን ወደ ጓሮ አዞርነው። ደረጃውን በአፈርና በድንጋይ ደልድለን ተዳፋት አደረግነው። መስኮቱን ግማሽ ደፈንነው፤ ለቱቦው ወንፊት ገዛንለት። ቀዳዳው ላይ ጠበብ ያለ የእንጨት ፍሬም ገጠምንበት፣ ክዳንም አበጀንለት። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት የወይራ እንጨት መያዣ ቆመ። ጓጉንቸሩ ተነሣ። በሚቀጥለው በጋ ስሄድ ከጓዳው በር እስከዚያ ድረስ ቀጭን መንገድ ወጥቶ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ፤ እናቴ ሲኒዋን ሁለተኛ ስትዘረጋ ማንም ምንም አላለም።

እንግዲህ ሞላ። ሒሳቡን አሁን ሠራሁት፤ ያኔ መሥራት ነበረብኝ። አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ያህል ደለል ጉድጓድ ውስጥ እንደሚተው ባለሙያዎች ይገምታሉ። ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰው አለ። ጉድጓዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው፤ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል፤ ላይኛው ግማሽ ሜትር አይቆጠርም። ሰባት ዓመት ግድም ይወጣዋል። ልክ በሰዓቱ ነው የሞላው፤ ከቀጠሮ የማያልፍ ሥራ በሕይወቴ ይህ ብቻ ነው።

አዲሱ ጉድጓድ የት ይሁን የሚለው ሦስት ቀን በስልክ አነጋገረን። ወንድሜ ከግርግሙ ጎን አለ፤ ከውሃው ጉድጓድ 30 ሜትር አይሞላም ብዬ ተቃወምሁ። ከታች በኩል አልሁ፤ «እዚያ ጌሾዬ አለ» አለች እናቴ። በመጨረሻ ከጎረቤታችን አጥር ወዲህ ያለው ቀይ አፈር ተመረጠ፤ ዋልካው እንደዚያ ስለሚሰነጠቅና ስለሚናድ ቆፋሪም አይወደውም። ቆፋሪው ከደረት በታች ሲወርድ ዋጋ ይጨምራል፤ ተስማማን። አንድ ነገር ቀረ፤ ሶሌታው። «ሶሌታውን አንሥታችሁ ወደ አዲሱ ውሰዱት» አልሁ ወንድሜን፣ የጎረቤታችን ወለል ትዝ ብሎኝ።

«አይነሣም» አለኝ።

«እንዴት አይነሣም?»

«ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ ነዋ የተሞላው። ፌሮው ተያይዟል። በመዶሻ ካልፈረሰ አይነሣም።»

ቢዮርን ብራንድበርግ የተባለ ስዊድናዊ የሽንት ቤት ሶሌታን ወደ ትንሽ፣ 60 በ60 ሳንቲሜትር ወደሆነች ሰሌዳ ማውረዱን አንብቤ ነበር። ትንሽ ያደረጋት አንድ ሰው ሊሸከማት እንዲችል፣ ጉድጓዱ ሲሞላም አብራ እንድትሄድ ነው። እኔ ያነበብሁትን ሳይሆን ፎቶ ላይ የሚያምረውን ነው ያሠራሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ የትም የማይሄድ ቤት፣ የሚሄድ ጉድጓድ ላይ አስቀምጬ ነበር።

ስልኩን እናቴ ተቀበለችው። ማፍረሱን ሰምታለች፤ አልተበሳጨችም። «አፍርሱት፤ ምን ይደረግ» አለች። ቀጥላ «እነዚያን የወይራ እንጨቶች ግን እንዳይሰብሯቸው ንገርልኝ» አለችኝ። «እጄ ለምዷቸዋል።»